በሽታ ከምን ይመጣል?



ልጅ ሲታመም ሁላችንም «ይህ ነገር ከምን መጣበት?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱን ከሳትነው ግን አንዱን በር ስንዘጋ በሽታው በሌላው ይገባል። እኛ የጤና መኮንኖች በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራኒዮ ቤት ለቤት ስንዞር ይህን ስላየን፥ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳችኋለን።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር «የኅዳር በሽታ» የተባለ ብርቱ ወረርሽኝ አገራችንን መታ። በሽታው በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ። በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ሕዝቡም በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ የመጣ ስለ መሰለው ጥራጊውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ኅዳር 12 ቀን የምናጨሰው ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የተሻገረው በትንፋሽ፥ በሳልና በማስነጠስ ስለ ነበረ ጢሱ ሊያግደው አልቻለም። ደጅን ማጽዳት የዝንብና የአይጥ መራቢያ ያጠፋልና እጅግ ይጠቅማል፤ ኢንፍሉዌንዛን ግን አይከለክልም። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መንገድ አለው።

ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ጉልቻ ቢነሣ ድስቱ ይወድቃል። በሽታም እንዲሁ ሦስት ጉልቻ አለው። አንደኛው በዓይን የማይታየው ረቂቅ ተሕዋስ፥ ማለት ጀርሙ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ራሱ ነው፤ ዕድሜው፥ አመጋገቡ፥ ክትባት መውሰዱ። ሦስተኛው አካባቢው ነው፤ ውሃው፥ መጸዳጃው፥ ዝንቡ፥ የቤቱ አያያዝ። ካንድ ምንጭ ጠጥተው አንዱ ልጅ ሲታመም ሌላው ደኅና የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ ጀርሙና ውሃው አንድ ቢሆኑም የልጆቹ ሰውነት አንድ አይደለም።

ብዙ እናቶች «ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው ያስቀመጠው» ይላሉ። እውነት ነው፥ ሁለቱ ባንድ ሰሞን ይታያሉ። ነገር ግን ዶሮ ስለ ጮኸ አይደለም የሚነጋው! ሕፃኑ ጥርስ በሚያወጣበት ጊዜ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ ይድሃል፤ ከመሬት ያነሣውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ጀርሙ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። «የጥርስ ነው» ብሎ መጠበቅ ልጁን ለሞት ያደርሳል፤ የሰውነቱ ውሃ በተቅማጡ ያልቃልና። ድዱን ማስበጣትም አዲስ ቁስል ይጨምራል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

መንገዱን ያገኘ ሰው በሽታውን መግታት ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ሎንዶን ከተማ ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት መረመረ። አብዛኞቹ ውሃ የሚቀዱት ካንድ ፓምፕ ነበረ። በአጠገቡ ያሉ የቢራ ጠመቃ ሠራተኞች ግን ያንን ውሃ ስለማይጠጡ ብርቱ ሕመም አልደረሰባቸውም። በምክሩ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ሐኪሙ ጀርሙን ለይቶ ሳያውቅ መንገዱን አገኘ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አተት አዲስ አበባ ሲገባም ትምህርቱ ይኸው ነበረ፤ ውሃን፥ እጅንና ጥሬ አትክልትን መጠንቀቅ። በኮልፌ ቀራኒዮ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በዚህ ውሃ የለማ ጎመን በደንብ ሲበስል ጀርሙ ይሞታል፤ ሰላጣ ግን በጥሬው ስለሚበላ ያሠጋል። በገጠርም በሜዳ የተጸዳዱትን ዝናብ አጥቦ ወደ ምንጩ ያወርደዋል።

እንግዲህ ጉልቻዎቹን እንዲህ እናንሣ፦

1. መጸዳጃ ጉድጓድ እንቆፍር፤ አፉን እንክደን። የሕፃን ዓይነ ምድርም እዚያው ይደፋ።
2. ከመጸዳጃ ስንመለስ፥ ሕፃኑን ካጸዳን በኋላ፥ ምግብ ከመሥራታችንና ልጅ ከማጉረሳችን በፊት እጃችንን በሳሙና፥ ሳሙና ከሌለ በአመድ እንታጠብ።
3. የመጠጥ ውሃ አፍልተን አቀዝቅዘን ክዳን ባለው ዕቃ እናኑር።
4. እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እናጥባ፤ ውሃም አንስጥ። ከ6ኛው ሳምንት የሚጀመረውን የተቅማጥ መከላከያ ክትባት አናሳልፍ።

ተቅማጥ ከጀመረ ጡት አይቋረጥ። ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ. (ለምለም) እና ዚንክ ተቀበሉ። ባንድ ሊትር የሚበጠበጠውን ከረጢት በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት፤ ያደረውን ደፍታችሁ አዲስ በጥብጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ካቃተው፥ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ደም ካስቀመጠው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ፥ ቡና ስትጠጡ አንብቡላቸው።