የአእምሮ ጤና አገልግሎት በየጤና ጣቢያው፤ ከቡሌ ሆራ እስከ ቦረና ቆላ ለሚሠሩ የቀረበ ትምህርት

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ የዕርዳታ ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚመዘግበው የእህሉን መጠን፣ የውሃውን ርቀትና የሞተውን ከብት ብዛት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ምግብ ነውና። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ የማይሰፍር ሌላ ጉዳት አለ፤ ይኸውም በሰው አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉዳት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዴት ሊታወቅና ሊታከም እንደሚችል፣ የዕርዳታ ሠራተኛውም ድርሻ ምን እንደሆነ ማስገንዘብ ነው።

1. የችግሩ ስፋት

ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከዚያ በስተደቡብ መንገዱ በያቤሎ፣ በዱብሉቅና በሜጋ በኩል ወደ ቦረና ቆላ ይዘልቃል። ይህ አካባቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ታላላቅ አደጋዎችን አስተናግዷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ ድረስ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ።

ለአርብቶ አደሩ ከብት የገንዘብ ምትክ ብቻ አይደለም። ለሕፃኑ ወተት፣ ለወጣቱ የጋብቻ ጥሎሽ፣ ለአባወራው በሸንጎ የሚያስከብረው ክብር ነው። ስለዚህ ከብቱ ያለቀበት ሰው ያጣው ሀብቱን ብቻ ሳይሆን በወገኑ መካከል የነበረውን ቦታ ጭምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ግጭት በደረሰበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ከቀላል እስከ ከባድ የሚመደብ የአእምሮ ሕመም አለበት። እነዚህን ሁሉ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል መላክ አይቻልም፤ አያስፈልግምም።

2. አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ የወረደበት ምክንያት

አማኑኤል ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ባለሙያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ በመሆኑ መፍትሔው ተራውን ነርስና የጤና መኮንን ማሠልጠን ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚሁ ዓላማ ልዩ መርሐ ግብር አወጣ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምናን ከመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ጋር ማዋሐድን መርሕዋ አደረገች።

የአሠራሩ ውጤት በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ተፈትኖ ታይቷል። ሕክምናው በየጤና ጣቢያው ከተሰጠ በኋላ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል በዓመቱ ውስጥ በሰንሰለት ወይም በገመድ የታሰሩት ቁጥር ከአራት አንድ ያህል ወደ አሥር አንድ ያህል ወረደ። ሆኖም ከዚያው ሥራ የተገኘ ሌላ ትምህርት አለ። በድባቴ፣ ማለትም በከባድ የመንፈስ መከፋት የሚሠቃዩት አብዛኞቹ ጤና ጣቢያ እየመጡ ሳይታወቁ ተመልሰዋል። የሚጮኸው ሕመምተኛ ታየ፤ ዝም ያለው ግን ታለፈ።

3. ዝም ያለውን ስለ ማወቅ

ድርቅና መፈናቀል የሚያመጡት ጉዳት በአመዛኙ ይህ ዝምተኛው ነው። ለምሳሌ ከብቶቹ ያለቁበት አንድ አባወራ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። «አእምሮዬን አሞኛል» አይልም። ራሱን እንደሚያመው፣ ጨጓራው እንደሚቃጠል፣ እንቅልፍ እንደነሣው ይናገራል። ባለሙያውም የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ሰውየው ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሕመም ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ አካላዊ ምርመራው እንዳለ ሆኖ የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል፦

ሀ) ከሁለት ሳምንት ወዲህ አብዛኛውን ቀን ሲከፋዎት ይውላል? ቀድሞ ያስደስትዎት የነበረው ነገርስ ጣዕሙን አጥቶብዎታል?

ለ) እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎና የዕለት ሥራዎ እንዴት ነው?

ሐ) ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?

ብዙዎች ሦስተኛውን ጥያቄ ይፈሩታል። ስለዚህ ጉዳይ በአክብሮት መጠየቅ ግን ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም፤ ይልቁንም የተጨነቀው እፎይ ብሎ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። «አዎን» ካለ ብቻውን አይተው፤ ቤተሰቡ ይጠራ፣ ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ይራቅለት፣ በዚያው ቀን ከፍ ወዳለ ሕክምና ይላክ።

ጥያቄውም ሰውየው በሚያስብበት ቋንቋ ይቅረብ። ኦሮምኛ ተናጋሪውን በአማርኛ መጠየቅ፣ ወይም ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ የአባትን ምሥጢር ማስወጣት፣ እውነቱን ከመደበቅ በቀር ፋይዳ የለውም።

4. ሐዘንና በሽታን ስለ መለየት

በሌላ በኩል ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። ከብቱ የሞተበት ሰው ማልቀሱ፣ ልጅ የቀበረች እናት እንቅልፍ ማጣቷ የሰውነት ወግ ነው። ለእንዲህ ያለው ሐዘን የማስተኛ መድኃኒት መስጠት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የሚበጀው ማየት፣ ማዳመጥና ከሚረዳው ጋር ማገናኘት ነው። የደረሰበትን ሁሉ እንዲተርክም አይገደድ።

ኅብረተሰቡም የራሱ መድኃኒት አለው። በቦረናና በጉጂ ከብቱ ላለቀበት ወገን ዘመዶቹ ከብት የሚያዋጡበት የቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ለተጎጂው ወተት ብቻ ሳይሆን ክብሩንም ይመልስለታል። ድርቁ የሁሉንም በረት ባራቆተ ጊዜ ግን የሚያዋጣም ይጠፋል፤ የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅቶች ድርሻ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

5. በተግባር የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ፣ ማብቂያ በሌለው መንፈራገጥ ሊሞት ይችላል፤ እሳት ላይ ሊወድቅም ይችላል። ስለሆነም መድኃኒቱን ጀምሮ ማቋረጥ ካለመጀመር የከፋ ሊሆን ይችላል። ኃላፊው ክምችቱ ሳያልቅ ማዘዝ ይገባዋል።

ሁለተኛው የአርብቶ አደሩ መንቀሳቀስ ነው። የፎራ ከብት ይዞ ሩቅ የሚሄድ ሰው በየወሩ ሊመለስ አይችልም። ሕመሙ ለረጋለትና አደጋ ለማያሰጋው የወራት መድኃኒት፣ ከያዘው ሕክምና መግለጫ ወረቀት ጋር ይሰጠው። ሕይወቱን ስለ ማጥፋት ለሚያስብ ግን ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለውም መድኃኒት ኀዘኑን ለማቅለል ሳምንታት ስለሚወስድ «አልረዳኝም» ብሎ እንዳይተወው አስቀድሞ ይነገረው።

ሦስተኛው ሥልጠና ሰጥቶ መርሳት ነው። የጥቂት ቀናት ትምህርት የወሰደ ነርስ የሚያማክረውና ሥራውን እየመጣ የሚያይለት ባለሙያ ከሌለው ወደ ቀድሞው ልማድ ይመለሳል።

6. የዕርዳታ ሠራተኛው ድርሻ

በእህል ዕደላ ሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ የማይነሣውን፣ ከመጠለያው የማይወጣውን፣ የታሰረውን ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚያየው የዕርዳታ ሠራተኛው ነው። ያየውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስታውቅ፤ ሕመምተኛውም ራሽኑ እንዳይቀርበት ይከታተል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሠፈረበት ወቅት ብዙ ቤተሰቦች ተለያይተው ነበር። ሰዎችን ወደ ሌላ ስፍራ ስናዛውር ባልና ሚስትን፣ እናትና ልጅን፣ ጎረቤትና ጎረቤትን አለመለያየት ራሱ የአእምሮ ጤና ሥራ ነው።

በማጠቃለል፣ ክኒን የሞተን ላም አይተካም፤ እህልም ብቻውን የተሰበረን ልብ አይጠግንም። ሁለቱ በአንድ ደጃፍ ሲገናኙ ግን ተጎጂው ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ለመጀመር የሚያስችል ጉልበት ያገኛል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) በምትሠሩበት ጣቢያ በተመሳሳይ ሕመም ደጋግመው የሚመጡ ሰዎች አሉን? ስለ ኑሯቸው ተጠይቀው ያውቃሉን?

2) የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለስንት ወር የሚበቃ አለ?

3) በመጠለያው ውስጥ ተደብቆ ወይም ታስሮ የሚኖር ሕመምተኛ መኖሩን ማን ያውቃል?