በሽምግልና ለሚደረግ ረጅም የእግር ጉዞ ስለ መዘጋጀት

ከሥራ ካረፉ በኋላ ረጅም መንፈሳዊ ጉዞ በእግራቸው ለመሄድ የሚነሡ ሰዎች በዘመናችን ጥቂት አይደሉም። ለምሳሌ በኖርዌይ አገር ከኦስሎ ተነሥቶ በትሮንድሄም ወዳለው ወደ ኒዳሮስ ካቴድራል የሚያደርሰውን መንገድ እንመልከት። ርዝመቱ 643 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ንጉሥ ኦላቭ በ1030 ዓ.ም. በስቲክለስታድ ጦርነት ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ወደ መቃብሩ ይጐርፍ ነበር፤ በ1537 ዓ.ም. የሉተር ተሐድሶ በአገሩ ሲጸና ግን ጉዞው ቀረ። መንገዱ ምልክት ተደርጎለት እንደ ገና የተከፈተው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉተር በ1520 ዓ.ም. ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ ወደ ሮም የሚደረገውን ጉዞ ነቅፎአል። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ሰውዬው ብዙ ገንዘብ በመንገድ ሲጨርስ ሚስቱና ልጆቹ በቤት መቸገራቸው ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬም ስንቅ ከመሰነቁ በፊት ይቀድማል፤ በቤቱ የታመመ ሰው ወይም ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ይመርምረው። በእግሩ ብዛት ጽድቅን እንደማይገዛ ያወቀ ሰው ግን በነጻነት ይሄዳል፤ ከመንገድ መመለስም አያሳፍረውም።

ወደ ሥጋው ዝግጅት እንምጣ። በደጋ አገር ያደገ ሰው ስለ መራመድ መማር ያስቀው ይሆናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የኖረ ነውና። ነገር ግን በ20 ዓመቱ ዳገት ይወጣ የነበረውና ብዙ ዘመን በወንበር ተቀምጦ 65 ዓመት የሞላው አንድ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ ለሐኪም መታየት ይገባል፤ ልብን፥ የደም ግፊትንና ስኳርን ያስመርምር። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ደክሞ ቍስሉን ሳያውቅ ሊቀር ስለሚችል፥ ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ ይመልከት።

ልምምዱ ከአምስትና ከስድስት ወር በፊት ይጀመር። ጡንቻ ቶሎ ይበረታል፤ ጅማትና መጋጠሚያ ግን በሽምግልና እጅግ ቀስ ብለው ነው የሚጸኑት። ብዙ ሽማግሌዎች የሚጐዱትም በዚህ ነው፤ እስትንፋሳቸው ስለ በረታ ጉልበታቸውም የበረታ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር፥ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ፥ በመካከሉም እያረፉ መሄድ ይሻላል። ጉልበትን ይልቁን የሚፈትነው ቍልቍለቱ ነውና ሁለት ምርኩዝ መያዝ ይረዳል።

ጫማው አዲስ አይሁን፤ በልምምዱ ጊዜ ተለምዶ ያለቀ ይሁን፤ እግር በመንገድ ስለሚያብጥም ጠባብ አይሁን። የሱፍ ካልሲ ይደረግ። ሸክሙ ከሰውነት ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ መልካም ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ ይበቃዋል። ሽማግሌ ጥማቱ ስለሚደክም ሳይጠማውም ይጠጣ።

በዶቭሬ ተራራ ላይ በረዶው እስከ አውሮፓ ሰኔ ሊቈይ ስለሚችል ከዚያ በፊት መውጣት አይመከርም። ተራራውን ተሻግሮ ኦፕዳል ሲደርስ ጉልበቱ ያበጠ መንገደኛ ቢኖር፥ በዚያ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ባቡሩ ወደ ትሮንድሄም ይወስደዋል። በካቴድራሉ በር ላይ በእግር መጣህ ወይስ በባቡር ብሎ የሚከለክለው የለም።