ጉማሬው አፉን ሲከፍት

 

ባሕር ዳር ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ከሶላት በኋላ ወደ ሐይቁ እንደምትወርዱ አውቃለሁ። ብር አዋጥታችሁ ጀልባ ትከራያላችሁ፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ ፍለጋ ትሄዳላችሁ። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ፎቶ ነው፦ አፉን እስከ ጥግ የከፈተ ጉማሬ። እኔም ነበረኝ። "እያዛጋ ነው" ብዬ ለጥፌው፣ ለወራት ስልኬ ስክሪን ላይ ቆይቷል።

እያዛጋ አልነበረም። ጉማሬ ወደ ጀልባ ዞሮ አፉን የሚከፍተው ክራንቻውን ለማሳየት ነው፤ "አትጠጉኝ" ማለቱ ነው። ያን ያህል የወደድኩት ፎቶ እንስሳውን ያስጨነቅንበት ቅጽበት ነበር።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው አለቀሰ። ራሱን ዳበሱት፤ ባለቤቱንም ጠርተው ግመሉ በረሃብና በሥራ ብዛት እንደከሰሰው ነገሩት። አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። እኛ የግመልን አቤቱታ የመስማት ተአምር አልተሰጠንም። የጉማሬን አፍ ለማንበብ ግን ተአምር አያስፈልግም።

ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው በፀሐይ ስለሚደርቅ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላል፤ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል። ብቅ ባለ ቁጥር ሞተር ከጠበቀው መቼ ይረፍ? ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ሲቆጣ ደግሞ ጀልባ መገልበጥ አያቅተውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የጣና ጉማሬ ሲነሳ ቶሎ የሚወቀሱት ነገደ ወይጦ ናቸው፤ አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩና። በዚሁ ምክንያት "ሙስሊም አይደሉም" ሲባሉ ኖረዋል፤ ያውም በእኛው በሙስሊሞች ጭምር። አደኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ጉማሬውን ያጣበበው የዳርቻው ደንገል ተመንጥሮ እርሻ መሆኑ ነው፤ ደንገሉ ሲያልቅ ደግሞ በእሱ ታንኳ የሚሠሩት እነሱም እንጀራቸውን ያጣሉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሷቸው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጀልባው ውስጥ ግን የዩኔስኮ ሰው አይቀመጥም፤ ባለጀልባው የሚሰማው እናንተን ነው። የሚጠጋው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የተጠጋ ጉርሻ ስለሚያገኝ ነው። ስለዚህ ገና ሳትነሱ "ቅርብ አንፈልግም" በሉት፤ ጉርሻውንም ለራቀበት ስጡት። እንዲወጣላችሁ ብላችሁ ውሃውን ወይም የጀልባውን ጎን አትደብድቡ። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ። ዙም አድርጉ፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ይደብዝዝ። ግልገል ካያችሁ ቦታውን ፖስታችሁ ላይ አትጻፉ። አፉን ከከፈተባችሁ ካሜራውን ትታችሁ ጀልባውን አስመልሱ።

ያን ፎቶዬን አጥፍቼዋለሁ። አሁን ስክሪኔ ላይ ያለው ሁለት ትንንሽ ጆሮና ብዙ ውሃ ነው። ተማሪዎቼ "ኡስታዝ፣ ይሄ ድንጋይ ነው?" ይሉኛል።