ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ፦ የሚለመደው ስሜትና የማይለመደው ሕመም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ኬራቶኮነስ አለብህ ተብዬ ጠንካራ ሌንስ ታዘዘልኝ። ሳደርገው ግን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኛል። ልተወው ወይ?»

መልሴ የሚወሰነው በስሜቱ ዓይነት ነው። አንዳንዱ በትዕግሥት የሚለመድ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሊታገሡት የማይገባ።

መጀመሪያ ሌንሱ ለምን እንደታዘዘ እንይ። ኬራቶኮነስ ማለት የዓይናችን የፊት መስታወት (ኮርኒያ) እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት ችግር ነው። ብዙ ጊዜ በአፍላ ዕድሜ ይጀምራል፤ የዓይን አለርጂ ኖሮባቸው ዓይናቸውን አዘውትረው የሚያሹ ልጆች ላይ በብዛት እናየዋለን። ኮርኒያው ወጣ ገባ ሲሆን ብርሃኑ ይበታተናል፣ መነጽርም በደንብ አያስተካክለውም። ለስላሳ ሌንስ ቢደረግ የኮርኒያውን ቅርጽ ይዞ ስለሚተኛ ወጣ ገባው ብዙም አይቀየርም። ጠንካራው ግን ቅርጹን አይለቅም፤ በሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል። የተጎረበጠ ወለል ላይ ሊሾ እንደማፍሰስ ቁጠሩት። በመነጽር ሰሌዳ ማንበብ ያቃተው ተማሪ በዚህ ሌንስ ሲያነብ ማየት ለኔ ከሥራዬ ደስ የሚሉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ሌንሱ ያሳያችኋል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። እየባሰ ከሄደ ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሌላ ሕክምና አለ። ስለዚህ «በደንብ እያየሁ ነው» ብላችሁ ክትትል እንዳታቋርጡ። ማሸቱንም ተዉ፣ እባካችሁ!

አሁን ወደ አሸዋው እንመለስ። የተለመደው ጠንካራ ሌንስ ስፋቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከኮርኒያው ራሱ ያንሳል። ስለዚህ ዓይናችሁን ባርገበገባችሁ ቁጥር የላይኛው ሽፋን ከሌንሱ ጠርዝ ጋር ይነካካል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት የሚቆረቁራችሁ ይሄው ነው። ወደ ታች ስታዩ ቀለል የሚል፣ ሌንሱ ሲወጣ ወዲያው የሚጠፋ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚቀንስ ከሆነ የሚለመድ ነው። ትንሽ ማልቀስም ያለ ነው።

ልምምዱ በጥቂቱ ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየቀኑ 1 ወይም 2 ሰዓት እየጨመሩ መሄድ ነው (ሐኪማችሁ ሌላ ፕሮግራም ከሰጣችሁ የሱን ተከተሉ)። ብዙ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ለሠርግ ብቻ አውጥቶ እንደሚለበስ ልብስ አልፎ አልፎ የሚያደርገው ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይቆረቁረዋል።

ስንለካም አትቸኩሉብን። የሙከራ ሌንስ አድርገን እንባው እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ያህል እናስጠብቃለን፤ ከዚያ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገን በሰማያዊ ብርሃን እናያለን። ቀለሙ የት እንደተጠራቀመ፣ ሌንሱ የት ላይ እንደተጫነ ያሳየናል። የሾጣጣውን ጫፍ በኃይል የሚጫን ሌንስ ውሎ አድሮ ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል። «እንደገና ተመለሱ» የምንለው ለዚህ ነው። የወንድምን ሌንስ መሞከርማ ፈጽሞ አይታሰብም። በትክክል ተለክቶም ካስቸገረ ሥሩ ለስላሳ ሌንስ ማድረግ፣ ወይም ነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፈውን ትልቁን ስክሌራል ሌንስ መሞከር ይቻላል። ስክሌራሉ ይመቻል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

የማይለመደውስ? ከሰዓት ሰዓት እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ብርሃን ማየት አለመቻል፣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ ሌንሱ ከወጣ በኋላም የሚቀጥል ሕመም ወይም ብዥታ። ከነዚህ አንዱ ከመጣ ሌንሱን አውጡት፣ መልሳችሁ አታድርጉት፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምርመራ ይጠቅማል። ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ገዝታችሁ እንዳትጨምሩ፤ ቅላቱን ደብቆ ኢንፌክሽኑን ሊያባብስ ይችላል።

የዚህ ጣጣ አንዱ ምንጭ ውኃ ነው። የቧንቧም ይሁን የታሸገ ውኃ፣ ምራቅም ጭምር፣ ሌንስ አይነካም። አካንታሜባ የሚባል ውኃ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ተሕዋስ ኮርኒያን እስከ ማሳወር ሊጎዳ ይችላል። ሻወር፣ ዋና፣ ጠበልም ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ሌንሱን አውጥታችሁ በራሱ ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጡት። ፈሳሹን በየቀኑ ቀይሩ፣ የትናንቱ ላይ አትጨምሩ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ በርበሬ የነካ እጅ ከሆነ ደግማችሁ ታጠቡ፣ ስቃዩን የቀመሰ ያውቀዋል። አቧራ ከሥሩ ሲገባ አትሹት፤ አውጥታችሁ በፈሳሹ አጥባችሁ መልሱት።

ዕድሜያችሁ 40 አልፎ ስልክ ከፊታችሁ እያራቃችሁ ማንበብ ለጀመራችሁ ደግሞ መልቲፎካል ሌንስ አለ። እዚህ የሚለምደው አእምሮ ነው። አብዛኞቹ የሩቁንና የቅርቡን ምስል አንድ ላይ ያስገባሉ፤ አእምሮ የሚፈልገውን መምረጥ እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ደብዘዝ ማለትና በምሽት መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ማየት ያጋጥማል። ስለዚህ እስክትለምዱ ድረስ በምሽት መኪና አትንዱ። በደብዛዛ ክፍል ሰሌዳ በማንበብ ብቻም አትፍረዱበት፤ በስልካችሁ፣ በሥራችሁ፣ በጥሩ ብርሃን ሞክሩት። ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው ግን እኔ የምመርጠው በተለመደው ጠንካራ ሌንስ ላይ የማንበቢያ መነጽር መጨመር ነው፤ ወጣ ገባ ኮርኒያ ላይ መልቲፎካል ብዙ ጊዜ አጥጋቢ አይሆንም።

ለቀጠሮ ስትመጡ፣ ዓይናችሁ ካላመማችሁ፣ ሌንሱን ቢያንስ ለ2 ሰዓት ያህል አድርጋችሁት ቆይታችሁ ኑ። አቀማመጡን በደንብ የምናየው ያኔ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።