ስፐርን፦ ማዕበል የሚያፈርሰውና የሚገነባው ልሳነ ምድር

የስፍራው አቀማመጥ

ልሳነ ምድር (ባሕረ ገብ መሬት) የሚባለው በሦስት ወገን በውሃ ተከቦ በአንድ ወገን ብቻ ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘ የብስ ነው። ስፐርን በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ እንዲህ ያለ ምድር ነው። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በምሥራቅ የሰሜን ባሕር፣ በምዕራብ ደግሞ ሰፊው የሀምበር ወንዝ አፍ ያዋስኑታል።

ብዙ ልሳነ ምድሮች በዐለት ላይ የቆሙ ናቸው። ስፐርን ግን የአሸዋና የጠጠር ክምር ነው። ስለዚህ በላዩ የኖሩትን ሰዎች ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ የአሸዋውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሸዋው ምንጭ

ከስፐርን በስተሰሜን ሆልደርነስ የሚባል፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ዳርቻ አለ። አብዛኛው ዳርቻ የሸክላ አፈር፣ የአሸዋና የድንጋይ ቅልቅል የሆነ ገደል ነው። ቅልቅሉን ከ18,000 ዓመታት ገደማ በፊት የበረዶ ግግር (በረዶ ለብዙ ዘመን ተደራርቦና ተጠቅጥቆ የሚፈጥረው፣ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ክምር) እየጎተተ አመጣው፤ ግግሩ ሲቀልጥ አፈሩ በስፍራው ቀረ። አፈሩ ልል በመሆኑ ሞገድ ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ የላይኛው ክፍል መቆሚያ ሲያጣ ይናዳል። ገደሉ በአማካይ በየዓመቱ እስከ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በዘመናት ውስጥም ከሃያ የሚበልጡ መንደሮች ከነእርሻቸው ባሕር ገብተዋል።

ከተናደው አፈር የደቀቀው ሸክላ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ርቆ ይወሰዳል። አሸዋውና ጠጠሩ ግን ዳርቻውን ይዞ ይጓዛል። ኃይለኛው ሞገድ ከሰሜን ምሥራቅ በሰያፍ ስለሚመጣ ጠጠሩን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ያወርደዋል። አንዲት ጠጠር በእያንዳንዱ ሞገድ እንዲህ እየወጣችና እየወረደች፣ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል መስመር እየሠራች ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ሀምበር አፍ ላይ ዳርቻው ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ አሸዋው ግን የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ወደ ውሃው ይዘረጋል። ስፐርን የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

የማዕበሉ አሠራር

የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በዚህ አካባቢ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። በእነዚህ ቀናት በሀምበር አፍ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ከባድ ማዕበል ሲነሣ በዚህ ሙላት ላይ ሌላ ሙላት ይጨምራል። በማዕበሉ እምብርት የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ባሕሩን የሚጫነው ክብደት ይቀልና ውሃው ከፍ ይላል። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስም ውሃውን ወደ ደቡብ ይነዳዋል። የሰሜን ባሕር ወደ ደቡብ እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የተነዳው ውሃ መሄጃ አጥቶ ይቆለላል። ሁለቱ ሙላቶች በአንድ ሰዓት ሲገጥሙ አደጋው እጅግ የከፋ ይሆናል። ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ሌሊት እንዲህ ያለ ሙላት በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ 307 ሰዎችን፣ በኔዘርላንድስ ደግሞ ከ1,800 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

በአሸዋ ላይ የበቀለችው ከተማ

በ13ኛው መቶ ዘመን ባሕሩ በሀምበር አፍ አዲስ የአሸዋ ደሴት ከመረ። በ1290 በተደረገ የመንግሥት ምርመራ እንደተመዘገበው፣ በደሴቱ ላይ አንድ መርከብ ተሰብሮ ነበር። አንድ ሰው ስብርባሪውን ለራሱ ወስዶ ጎጆ ቀለሰበት፤ ለሚያልፉት መርከበኞችና ነጋዴዎችም ምግብና መጠጥ ይሸጥ ጀመር። ከዚህ ጅማሬ ራቨንሰር ኦድ የተባለች ከተማ ተነሣች። ወደብ፣ ገበያና የጸሎት ቤት ነበራት። በ1299 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የከተማነት መብት ሲሰጧት ነዋሪዎቿ 300 ፓውንድ ከፍለዋል።

ይሁንና ደሴቱን የከመረው ባሕር ብዙ ሳይቆይ ያፈርሰው ጀመር። በ1340ዎቹ አብዛኞቹ ቤቶች ጠፉ። በአቅራቢያው የነበረ የአንድ ገዳም ዜና መዋዕል (የዘመን ታሪክ መዝገብ) ሙላቱ የጸሎት ቤቱን መቃብሮች ሸርሽሮ አስከሬኖችን እንዳወጣ ይተርካል። በጃንዋሪ 1362 የተነሣው ታላቅ ማዕበል የቀረውን ጠርጎ ወሰደ።

አሸዋውን ለማቆም የተደረገው ጥረት

መርከቦች በጨለማ ከአሸዋው ጋር እንዳይጋጩ በስፐርን ጫፍ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። በ1427 በስፍራው ይኖሩ የነበሩ አንድ ባሕታዊ፣ የጀመሩትን የመብራት ማማ ለመጨረስ ከመርከቦች ቀረጥ እንዲሰበሰብላቸው ለፓርላማ አመለከቱ። በ1776 መሐንዲሱ ጆን ስሚተን የሠሯቸው ሁለት ማማዎች በድንጋይ ከሰል እሳት ማብራት ጀመሩ፤ ዝቅተኛውን ግን ባሕሩ ወሰደው። ዛሬ የሚታየው ማማ በ1895 ተሠርቶ እስከ 1985 አብርቷል።

በዲሴምበር 1849 ማዕበል ልሳነ ምድሩን ከመካከሉ ቆረጠው። ክፍተቱ በነጭ የኖራ ድንጋይ ግድብ ተደፈነ፤ የአሸዋውን ጉዞ ለመግታትም የእንጨት አጥሮች ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ተዘርግተው ተተከሉ። ችግሩ ግን ከሥሩ አልተፈታም። በስተሰሜን ያለው ገደል ወደ ምዕራብ እየሸሸ ሳለ ስፐርን በቦታው እንዲቆም በመደረጉ ለባሕሩ ይበልጥ ተጋለጠ። በ1960 ስፍራው ለተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ አጥሮቹ ሳይጠገኑ ቀስ በቀስ ፈረሱ።

ልሳነ ምድሩ የቆየበት ምክንያት

ዲሴምበር 5 ቀን 2013 የደረሰው ሙላት በጠባቡ ክፍል የነበረውን መንገድ ጠርጎ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ እጅግ ሲሞላ ውሃው በዚያ በኩል ይሻገራል፤ ጫፉም ለጥቂት ሰዓታት ደሴት ይሆናል። ከ1810 ጀምሮ በስፐርን የቆየው የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያም በ2023 ወደ ግሪምዝቢ ከተማ ተዛወረ።

አሸዋው ግን አልጠፋም። የአሸዋውን ጉብታ የተሻገረ ሞገድ ከባሕሩ ወገን ያነሣውን አሸዋ በሀምበር ወገን ያራግፈዋል። በዚያም ረጃጅም ሥር ያለው የባሕር ዳር ሣር በነፋስ የሚመጣውን አሸዋ ይይዛል፤ በተቀበረ ቁጥር ወደ ላይ ያድጋል፣ ከእርሱም ጋር አዲስ ጉብታ ይነሣል። እንዲህ በምሥራቅ የሚጎድለው በምዕራብ እየተተካ ልሳነ ምድሩ በሙሉ ገደሉን ተከትሎ ይሸሻል። የራቨንሰር ኦድ ቤቶችና በ2013 የተጠረገው መንገድ መሸሽ ስላልቻሉ ጠፉ፤ ስፐርን ግን መሸሽ ስለሚችል እስከ ዛሬ አለ።