የጥንት ሥዕልን ማንበብና መጠበቅ

በጎጃም አገራችን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመቅደሱን ሥዕል ቀና ብሎ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ማየት ሌላ፥ ማስተዋል ሌላ ነው።

የግድግዳ ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ነበረ፤ የራሱም ሰዋስው አለው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። ክፉ ሰው ግን በጐን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ያወቀ ተማሪ በጣና ዳር በዘጌ ወደምትገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቢሄድ፥ መቅደሱን የከበበውን ሥዕል ብዙውን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

የጥንት ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አይጽፉም ነበር። ስለዚህ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት፥ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል እንደ ብርቅ ይቈጠራል።

ቀለሙ ከአፈር፥ ከጥላሸትና ከመሳሰለው ተፈጭቶ፥ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ይለወሳል። ይህም ሙጫ ውሃ ሲነካው ይለቃል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በጥፋቴ ነው። በልጅነቴ ለበዓል ዋዜማ ጽዳት ታዝዤ፥ የጧፍ ጢስ ያጠቈረውን የአንድ መልአክ ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። እድፉ ለቀቀ ብዬ ደስ ሲለኝ ጨርቁን ባየው ቀይና ጥቁር ሆኗል። ቀና ስል ከመልአኩ ዓይኖች አንዱ የለም። ጻድቁን በገዛ እጄ ከኃጥኣን ጋር አሰለፍሁት! መሪጌታው አልተቈጡኝም፤ «ልጄ፥ ይህን የሣሉት እጆች አፈር ሆነዋል፤ ማን ይመልሰዋል?» ብቻ አሉኝ። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ኵርዐተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ስለ ወሰዱብን እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተወሰደ ዕቃ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል፤ በጨርቅ የተጠረገ ዓይን ግን ከቶ አይመለስም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሥዕሉን በውሃ አንጥረግ፥ በእጃችንም አንዳብሰው፤ ጧፍ አናስጠጋበት። ወላጆቻችንም ደብሩን ለማሳመር ሲያስቡ አሮጌውን በአዲስ የዘይት ቀለም ከማስቀባት ይልቅ፥ ጣራው እንዳያፈስ ያስጠግኑ። የቀረው ለባለሙያ ይተው። አባቶቻችን በሁለት ዓይን የሣሉትን፥ እኛም ለልጆቻችን በሁለት ዓይኑ እናስረክብ።