ትዕግሥተ መምህር

የማስተማር ሥራ ከተማሪው አስቀድሞ መምህሩን የሚመረምር ሥራ ነው። ተማሪው ትምህርቱን አጥንቶ ሲመጣ መምህሩ ደስ ይለዋል፤ ይህ ደስታ ግን የመምህሩን ልብ አይመዝንም። ልቡ የሚመዘነው የተነገረው ሁሉ ተረስቶ፥ የተዘራውም እንዳልተዘራ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ተማሪዎች ስንፍና ሳይሆን ስለ መምህራን ትዕግሥት ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ስለ ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ እኛም የንባብ ቤት ልጆቻችንን ወደየቤታቸው አሰናበትን። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ሲሰበሰቡ ያገኘናቸው እንደ ተለየናቸው አልነበረም። ዳዊት ጀምሮ የነበረው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ መልእክት ያነብ የነበረውም ወደ አቡጊዳ ተመልሶ ነበር። እኛም የሰባት ወሩን ጉድለት በጥቂት ሳምንት ለመሙላት ቸኰልን፤ ከችኰላውም ቍጣ ተወለደ።

ከልጆቹ አንዱ ተነሹን ከወዳቂው መለየት ተስኖት አንዱን ቃል አራት ጊዜ ቢያሳስት፥ በጓደኞቹ ፊት «አንተ ለመጽሐፍ አልተፈጠርህም» አልነው። ልጁም ዳዊቱን በማኅደሩ ከትቶ ወጣ፤ ሦስት ሳምንትም ቀረ። እውነቱን ለመናገር በመቅረቱ አላዘንንም፤ ንባቡ ያለ እርሱ ይፈጥን ነበርና።

በዚያው ሰሞን የማርቆስን ወንጌል 8ኛ ምዕራፍ ስንመለከት አንድ ነገር ልባችንን ያዘው። ደቀ መዛሙርት በታንኳ ሳሉ ከአንድ እንጀራ በቀር ስላልያዙ ይጨነቁ ነበር። ይህም የሆነው አምስት ሺህና አራት ሺህ ሰው ሲጠግብ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው። ጌታ ስለ ተረፈው ቢጠይቃቸው 12 መሶብና 7 ቅርጫት መሆኑን መለሱ። ቍጥሩን አልረሱም፤ ምሥጢሩን ግን አላስተዋሉም። ጌታችን ገሠጻቸው፤ ነገር ግን ከታንኳይቱ ማንንም አላወረደም።

ወዲያውም በቤተ ሳይዳ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ ከመንደር ውጭ አወጣው። በመጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎችን እንደ ዛፍ አድርጎ አየ፤ ሁለተኛ ሲዳስሰው ግን አጥርቶ አየ። በአንድ ቃል ማዳን የሚቻለው አምላክ ሁለት ጊዜ መዳሰሱ ስለ ምንድር ነው? ኃይል አንሶት አይደለም፤ የሰው ልብ ቀስ በቀስ የሚበራ መሆኑን ሊያስተምረን ነው እንጂ። ደግሞም ለብቻው እንዳወጣው እናስተውል። እኛ ግን ልጁን ያሳፈርነው በጉባኤ መካከል ነበር።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ቢል መምህሩ አባ ጌዴዎን ገረፈው፤ እርሱም ሸሽቶ ሲሄድ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፍ ላይ የወጣውን ትል አይቶ ተመለሰ። ስለ ትሉ ብዙ ጊዜ ተሰብኳል። እኛ ግን መምህሩን እናስብ፤ የተመለሰውን ልጅ ባይቀበለው ኖሮ የትሉ ትምህርት ምን ፍሬ ባፈራ ነበር?

ይህን ካሰብን በኋላ ወደ ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ በደጅ ተቀብለው «እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ዳኑ ወይ፥ የኔታ?» አሉን። ልጁ «የኔታ ስለ ታመሙ ትምህርቱ ቆሟል» ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። እኛ የእርሱን ስሕተት በጉባኤ ስንገልጥ፥ እርሱ የእኛን በደል ከእናቱ ሰወረ። «አዎን፥ ታመን ነበር» አልናቸው፤ ሐሰትም አልነበረም። በማግሥቱ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ስድቡ በጉባኤ ነበርና ካሣውም በጉባኤ ሊሆን ይገባ ነበር።

ዓመቱ ሲፈጸም ልጁ ዳዊትን አልጨረሰም። እስከ ሐምሌ ድረስ ወዳቂውን ያነሣ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ ይመለስ ጀመር። ለእኛም ይህ ይበቃናል።

እንግዲህ እናንት መምህራን፥ የቀረውን ልጅ ከመዝገብ ከመፋቃችን በፊት ከቤቱ እንፈልገው። እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁ የዘገየ ቢመስላችሁ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዩት፤ ከትናንት ንባቡ ጋር አስተያዩት። ትዕግሥቱ የበዛ እርሱ ሁላችንንም ሁለተኛ ጊዜ ይዳስሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።